ጉልበትህን እጠፍ

ዛሬ ጠዋት እዚህ ኮንጋ መንደራችን፣ የቡና ጆንያ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ላነሳ ስል እዚያው ታጥፌ ቀረሁ። ጎረቤቴ ስታልፍ ሰላምታ መስሏት እጅ ነሳችኝ፤ ቀና ባልል የባሰ ዝቅ አለች።

«ኧረ ይብቃዎት ጋሼ!»

«ብችልማ!»

ባለፈው ወር ያረፉት አጎቴ ቢኖሩ፣ በር ላይ ካለው በርጩማቸው «ጉልበትህን እጠፍ፣ አንተ ሽማግሌ!» ብለው ይጮሁብኝ ነበር። ዛሬ በርጩማው ባዶ ነው።

ሐኪሙ የአከርካሪያቸው ዲስኮች አርጅተዋል ሲላቸው ሰፈሩ ሁሉ ይተኙ አላቸው። እሳቸው ግን «አልጋ ላይ ካገኘኸኝ ቅበረኝ!» ብለው፣ ሐኪሙ እንደመከራቸው በየማለዳው ቀስ እያሉ እስከ ቡና ማጠቢያው ይራመዱ ነበር። ሕመሙ አልለቀቃቸውም፤ እሳቸውም አልተኙለትም።

እኔም አልተኛለትም። ነገ በማለዳ ወደ ማጠቢያው እወጣለሁ። ለጎረቤቴ ደግሞ የአንድ እውነተኛ ሰላምታ ዕዳ አለብኝ፤ እሱንም ጉልበቴን አጥፌ ነው የምከፍላት።