አይነካም የተባለው ዲስክ

ሰፈሩ የሚያውቀው መጠባበቂያ በሚል ቅጽል ስም ነው። ስሙን ያወጡለት አብረውት ሰርግ የሚቀርጹት ካሜራማኖች ናቸው። ለአንድ ሥራ ሁለት ካሜራና ሁለት የድምፅ መቅጃ ይዞ ይመጣል፤ ባትሪማ አይነሳ። በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ይዞ ይዞራል፣ ያውም ሁለት። ሙሽራዋ ብትቀር ሌላ ይዘህ ይሆን እያሉ ይስቁበታል፣ እሱም አብሮ ይስቃል። ካሜራቸው እምቢ ሲል ግን ወደ ማን ነበር የሚሮጡት? ወደ እሱ ነዋ! ያን ጊዜ ሳቅ የለም።

ሚስቱ ከሞተች በኋላ ይህ አመሉ ባሰበት። የወሰዳት የጉሮሮ ሕመም ነው። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገናው ድምፅዋን እንደሚያጠፋው ሲነግሯት አላለቀሰችም፤ ቤት ገብታ መቅጃህን አምጣ አለችው። ልጃቸው ያኔ ገና አፏን መፍታቷ ነበር። ሕፃኗን ጎረቤት አስቀመጡ፣ የመኝታ ቤቱን መስኮት ዘጉ፣ የውጭው ጫጫታ እንዳይገባ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀሉ፣ እናትየዋም ለልጇ የምትለውን አለች። ስትጨርስ፣ ልጅቷ አድጋ ከቤት ስትወጣ እንዲሰጣት፣ ከዚያ በፊት ግን እንዳያሰማት አደራ ጣለችበት። ቀዶ ጥገናው ድምፅዋን ወሰደ፤ ብዙም ሳይቆይ እሷም ሄደች።

አደራ ከባድ ነው፤ እንደ እሱ ላለ ሰው ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል። አንድ ዲስክ ይሞታል፣ ስለዚህ ሁለት ገዛ። ሁለቱን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ ፕሮግራም ጫነላቸው፤ በአንደኛው የተቀመጠው ሁሉ ወዲያው ወደ ሌላኛው ይገለበጣል። ቤት ቢቃጠል ወይም ሌባ ቢገባስ? ሦስተኛ ዲስክ ገዝቶ ቀረጻውን ገለበጠበት፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ዙሪያውን በፕላስተር አሸገና ወደ ሚስቱ ታላቅ እህት፣ ወደ እትዬ ቤት ወሰደው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ባንክ ውስጥም አይገኝ።

እትዬ ሐዘኗ ገና አልወጣላትም ነበር። ዲስኩን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችውና፣ የእህቴ ድምፅ እዚህ ውስጥ ካለ ለእኔም አንድ ቅዳልኝ፣ ሲከፋኝ እሰማዋለሁ አለችው። እሱ ግን ፈራ። ዛሬ ለእትዬ፣ ነገ ለአክስት፣ ከነገ ወዲያ በየሰዉ ስልክ ይዞርና ልጅቷ ከመንገድ ላይ ትሰማዋለች ብሎ አሰበ። እንዲህ ብሎ ቢያስረዳት ምን ነበረበት? "አይሆንም እትዬ፣ ይሄ አይነካም" አላት ብቻ። እሷም ፊቷን አጠቆረች። ዲስኩን ቁም ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ለቅሶ ቤት ካልተገናኙ በቀር አይተያዩም።

እሱ ራሱስ ይሰማው ነበር ብላችሁ ነው? አንጀቱ አልቻለም። የቀረጻው ርዝመት፣ የፋይሉ መጠን፣ በየትኛው ፎልደር እንዳለ በቃሉ ይወጣዋል። በየጊዜው ከፍቶ መኖሩን ያያል፣ ይዘጋዋል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ልጅቷ አደገች፣ ተማረች፣ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘች። እሁድ ልትሄድ ሻንጣዋን ማዘጋጀት ስትጀምር እናቷ ያስቀመጠችላት የድምፅ ቀረጻ እንዳለ ነገራት። ልጅቷ ቁጭ ብላ ቀረች። የእናቷን ፎቶ እንጂ ድምፅ አታውቅም። ከዚያ በኋላ በወጣ በገባ ቁጥር በዓይኗ ትከተለው ጀመር።

ፍላሽ ገዝቶ መጣና ኮምፒውተሩን ከፈተ። ፎልደሩ የለም። ሁለተኛውን ዲስክ ከፈተ። እዚያም የለም። ክው አለ።

ነገሩ ትዝ ያለው ቆይቶ ነው። በዚያው ሰሞን አንድ ትልቅ ሰርግ ሲያቀናብር የመጀመሪያው ዲስክ ሞላበት። ባለ ሰርጎቹ ነጋ ጠባ ይደውላሉ። እሱም ቦታ ለማግኘት ቀረጻው ያለበትን የድሮውን ፎልደር በሙሉ አጠፋው፤ ሁለተኛው ላይ አለ፣ ሥራው ሲያልቅ እመልሰዋለሁ ብሎ። ፕሮግራሙ ግን የታዘዘውን ነው የሚሠራው። ሲጽፍ ጻፈ፣ ሲያጠፋም አጠፋ። የሚገለብጥለትን እንጂ የሚያስቀምጥለትን አልጫነም ነበር። ለሰው ስንት ነገር ሲያስተምር የኖረ ሰው ይቺን ይሳታል? ሳታት!

ዲስኮቹን ታቅፎ የጠፋ ፋይል ወደሚመልስ ባለሙያ ሮጠ። ባለሙያው አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ፤ በቦታው የሰርጉ ጭፈራ ተጽፎበታል።

የቀረው የእትዬ ቤት ነው። በሩን አንኳኳ። እትዬ አርጅታለች፤ ከፈተችለት፣ ምን እንደፈለገም ነገራት። ከቁም ሳጥኑ ሥር አጎንብሳ አወጣችው። ላስቲኩ እንዳለ ነው፣ ፕላስተሩም እሱ እንዳሸገው። እዚያው እግሯ ላይ ሊወድቅ ቃጣው። የያዘውን ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ ከፍቶ፣ ላስቲኩን ገፍፎ ዲስኩን ሰካው።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ አለ። ዝም አለ። እንደገና ቀጭ ቀጭ። ሌላ ገመድ ቀየረ፣ ገመድ መቼም አይጠፋበትም፤ ያው ነው። ያን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ሳይዞር፣ በቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ሞቷል።

"አንድ ቀን እንኳን አልከፈትኩትም" አለች እትዬ። "አይነካም ብለኸኝ። ስንቴ አውጥቼ ይዤው አልቅሼ መለስኩት። የወንድሜ ልጅ እኮ ኮምፒውተር አለው፤ አንድ ቃል ብነግረው ያሰማኝ ነበር።"

ያኔ ነው የገባው። አንድ ለእሷ ቀድቶላት ቢሆን ኖሮ እትዬ ለወንድሟ ልጅ፣ ለጎረቤት፣ ላገኘችው ሁሉ ታሰማው ነበር፤ ይሄኔ ድምፁ በስንቱ ስልክ ውስጥ ተቀምጦ ይገኝ ነበር። ያ የፈራው ነገር ነበር የሚያተርፈው። ዲስኩን ሊወስደው ሲል እትዬ እጁን ያዘችው፤ የሞተም ቢሆን እኔ ጋ ይቀመጥ አለችው። ተወላት።

ቤት ሲደርስ ልጅቷ በር ላይ ጠበቀችው። ፊቱን ስታይ ገባት። ሁሉንም ሳይደብቅ ነገራት። ጮኻ ብትሰድበው ይሻለው ነበር፤ እሷ ግን ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች።

"እሺ ይሁን አባዬ" አለች በመጨረሻ። "አንተ ስትቀዳት አጠገቧ ነበርክ አይደል? ምን እንዳለችኝ ንገረኝ። እንደምታስታውሰው።"

አፉን ከፈተ። ያቺ ክፍል ወለል ብላ ታየችው፤ ብርድ ልብሱ፣ የተዘጋው መስኮት፣ ማይኩን የያዘችባቸው የሳሱ ጣቶቿ። ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑ ግን መቅጃው ላይ ነው። የድምፅ መጠን የሚያሳየው መስመር ወደ ቀይ እንዳያልፍ፣ ትንፋሿ ማይኩን እንዳይመታው፣ ውጭ መኪና ሲያልፍ እንዳይገባበት ይጠብቅ ነበር። ቃሉን ኋላ እሰማዋለሁ፣ ተቀድቷል ብሎ።

"ድምፅዋ ጥሩ ነበር" አላት። "መሐል ላይ አሳላት፣ ላቋርጥ ወይ አለችኝ። ቀጥዪ አልኳት።"

ልጅቷ ቀጣዩን ጠበቀች። እሱ ሌላ የሚያስታውሰው አልነበረውም።