የአምቡላንሱን ጥሪ ያላቋረጡት ዘሃራ ይማም

ወይዘሮ ዘሃራ ይማም ባለፈው ሰኞ ከቀትር በኋላ እዚህ ካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር ባለው ቤታቸው አርፈዋል። የወሰዳቸው ለረጅም ጊዜ ሲታገሉት የቆዩት የኩላሊት ሕመም ነው። እንደ እምነታቸው ሥርዓት በዚያው ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ስለተቀበሩ ወንዝ ማዶ በባሕሪና በኦምዱርማን ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ለቀብራቸው አልደረሳችሁም። ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለእናንተ ነው። ስማቸውን ሰምተው የማያውቁ፣ ግን በዚህ ከተማ አምቡላንስ ጠርተው የደረሰላቸው ሰዎችም የማን ሥራ እንደደረሰላቸው ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

እኔ ተስፋዬ መጀመሪያ ተማሪያቸው፣ በኋላም ለዓመታት የሥራ ባልደረባቸው ነበርኩ። ሱዳናውያኑ «ኡስታዛ»፣ መምህርት፣ ይሏቸው ነበር። እኛ ሐበሾቹ «እትዬ ዘሃራ» እንላቸዋለን።

የተወለዱት ወሎ፣ ባቲ አካባቢ ነው። እናታቸው ካርቱም ሪያድ ሰፈር በአንድ ቪላ ሊሠሩ ሲመጡ እሳቸውን በጀርባቸው አዝለው ነው የገቡት። ከፍተኛ ትምህርታቸውን እዚሁ ካርቱም ጨርሰው በአንድ የስልክ ድርጅት ተቀጠሩ። እናታቸው ሥራው ምን እንደሆነ አልገባ ብሏቸው ደጋግመው ሲጠይቁ፣ «እማ፣ ሰው እያወራ ስልኩ እንዳይቆረጥበት እጠብቃለሁ» አሏቸው። እናትየው በሰፈሩ ላሉ የወሎ ሴቶች ሁሉ ይህንኑ ቃል በቃል ሲያወሩ ኖረዋል። ትክክለኛ መልስም ነበር። እትዬ ዘሃራ የሚሠሩበት ኤርላንግ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተፈጠረው ለስልክ ማዞሪያ ነው፤ ዋና ዓላማውም ሥራው ሳይቆም እንዲታይ፣ ሳይቆም እንዲጠገን ነው።

በኋላ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ለከተማው የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከል ሲያቋቁም የስልክ ድርጅቱን ትተው ወደዚያ ሄዱ። ብዙ ሰው ገርሞት ነበር። እሳቸው ግን «እዚያ የሚቆረጠው ወሬ ነው፤ እዚህ የሚቆረጠው ነፍስ ነው» ከማለት በቀር ለማንም ሌላ ማብራሪያ አልሰጡም።

ሥራቸውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በእሳቸው ፕሮግራም ውስጥ እያንዳንዱ ጥሪ፣ እያንዳንዱ አምቡላንስ የራሱ ፕሮሰስ አለው። ፕሮሰስ ማለት የራሱን ነገር በራሱ ጭንቅላት የሚይዝ ትንሽ ሠራተኛ ነው በሉት፤ ሌላው ጭንቅላቱ ውስጥ ገብቶ መበርበር አይችልም፣ መልእክት ብቻ ይልክለታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ መኪኖቹን ለሕመምተኞቹ የሚያድል አንድ ዋና አዳይ ፕሮሰስ አለ፤ የትኛው መኪና ነፃ እንደሆነ፣ የትኛው ሕመምተኛ እንደሚጠብቅ የሚያውቀው እሱ ነው። ይህ የሚያውቀው ነገር ሁሉ «ስቴት» ይባላል፤ የያዘው ሁኔታ ማለት ነው። ከቋንቋው ጋር የሚመጡት የተዘጋጁ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ለባለሙያው አንድ ልዩ በር ትተውለታል። ፕሮሰሱን ለአፍታ ገታ ማድረግ፣ ምን እንደያዘ ማየት፣ ካስፈለገ የያዘውን ማስተካከል፣ ከዚያም ሥራውን እንዲቀጥል መልቀቅ ይቻላል።

እትዬ ዘሃራ ያንን በር እንደ መድኃኒት ቤት ቁልፍ ነበር የሚጠብቁት። አንዱ የሥራ ጓደኛችን በየጊዜው በዚያ መንገድ ሁኔታውን የሚቀይር ፕሮግራም ጽፎ ሲያሳያቸው እስከ መጨረሻው አንብበው መለሱለት። «ጥሩ ጽፈኸዋል። ግን ይህ ለድንገተኛ ብቻ የተሠራ ነው። በየቀኑ የምንጠቀምበት ከሆነ ፕሮግራማችን ታሟል ማለት ነውና በሽታውን እንፈልግ» አሉት። ልጁ አልተከፋም። እሳቸው ሥራህን ሲመልሱልህ አብረውህ ተቀምጠው በሽታውን ይፈልጉልህ ነበርና።

ቅዳሜ ቅዳሜ ካላክላ ቤታቸው ያስተምሩን ነበር። ሱዳናዊም ሐበሻም፣ ወንድም ሴትም ይመጣ ነበር። ከአርከዊት በአምጃድ ታክሲ፣ ከባሕሪ ሁለት ሃፍላ አውቶቡስ ቀይሮ የሚመጣ አለ። አንድ ተማሪ ፕሮሰሱ አልመልስ ብሎት እጁ ወደ ማጥፋትና ማስነሳት ሲሮጥ ካዩ፣ «ሹወያ፣ ሹወያ፣ ቀስ በል» ይሉታል። «ሰው ሲታመም መጀመሪያ ምንህን ነው የሚያምህ ይባላል። ይህንንም ጠይቀው፤ ይነግርሃል።» ተማሪው ሁኔታውን አሳየኝ የሚለውን ትእዛዝ ይጽፋል፤ ፕሮሰሱ የያዘውን ሁሉ ዘርግፎ ያሳያል፤ ስህተቱም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ተቀምጦ ይገኛል። የዚያን ጊዜ እሳቸው ከተማሪው በላይ ይደሰቱ ነበር።

ስለ ደግነታቸው ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ከፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን ልንገራችሁ። አንድ ፕሮሰስ ሲወድቅ የያዘውን ሁኔታ እንዳለ በስህተት መዝገቡ ላይ ጽፎ ነው የሚወድቀው። መዝገቡን ደግሞ ሁላችንም እናነበዋለን፣ ከውጭ የሚመጡ ጠጋኞችም ያነቡታል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እትዬ ዘሃራ መዝገቡን አነበቡ። ሪያድ ሰፈር የምትሠራ፣ ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ያለቀባት አንዲት የአገራችን ልጅ ስም፣ የምትሠራበት ቤት፣ የደበቀችውም እርግዝና በስክሪኑ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ማዕከሉ የልጅቷን ሕይወት አትርፏል፤ ምስጢሯን ግን አልጠበቀላትም ነበር።

ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠሩም። ፕሮሰሱ ሁኔታውን ለሰው ዓይን ሲያሳይ ስምን፣ አድራሻንና ሕመምን ሸፍኖ እንዲያሳይ አደረጉ፤ ቋንቋው ለዚህም መንገድ አለው፣ ብዙ ሰው ግን ሰንፎ ይተወዋል። የማኅበሩ ሙዲር (ሥራ አስኪያጅ) ኡስታዝ ሃሺም፣ «ኡስታዛ፣ ስሙን ከሸፈንነው ስህተት ለመፈለግ አያስቸግረንም?» ብለው ጠየቁ።

«ትንሽ ያስቸግረናል» አሉ እትዬ ዘሃራ። «እኛ ደሞዝተኞች ነን፣ እንቸገር። እሷ ግን ፖሊስ ፈርታ በሚቀጥለው ጊዜ ካልደወለች ትሞታለች።»

ከዚያ ወዲህ እትዬ ዘሃራ በሚያውቋቸው ሴቶች ዘንድ ሁሉ፣ «ደውሉ፣ ስማችሁ ከእኛ አይወጣም» ማለት ጀመሩ። ሲሉም በልበ ሙሉነት ነበር፤ ቃላቸውን የሚጠብቀውን ነገር በገዛ እጃቸው ሠርተውታልና።

አሁን ደግሞ ስለ አንዲት ቀን ልንገራችሁ። ጦርነቱ በተጀመረ ሰሞን ነው። ከእኛ መካከል መምጣት የቻልን ጥቂቶች ማዕከሉ ውስጥ እያደርን እንሠራ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ባሕሪ የሚወስዱት ድልድዮች ተዘጉ። ከባሕሪ ሕመምተኛ ጭነው ወደ ካርቱም ሆስፒታሎች ሲመጡ የነበሩ አምቡላንሶች ከድልድዩ ማዶ ቀሩ። ሾፌሮቹ ሕመምተኞቹን እዚያው ባሕሪ ባገኙት ክሊኒክ አድርሰው መኪኖቹ ባዶ ሆኑ። ዋናው አዳይ ግን ይህን አላወቀም። በእሱ ዘንድ መኪኖቹ አሁንም መንገድ ላይ ናቸው፣ ካርቱም እስኪደርሱም ይጠብቃል። ስለዚህ ከባሕሪ ለሚመጣ ጥሪ ሁሉ ነፃ መኪና የለም እያለ ይመልስ ጀመር። ባዶ አምቡላንሶች ቆመው ሕመምተኞቹ ይጠብቁ ነበር።

በሾፌሮቹ ስልክ በቀጥታ ለመደወል ሞከርን። ኔትዎርኩ እየመጣ እየሄደ አንዱን ስናገኝ ሌላው ይጠፋል፤ ጥሪው ደግሞ ይጎርፋል። ኡስታዝ ሃሺም ላብ አጥምቋቸው መጡ።

«ኡስታዛ፣ ያላ፣ አጥፉትና አስነሡት። በአዲስ ይጀምር» አሉ።

«በአዲስ ከጀመረ የሚጠብቁትን ሰዎች ሁሉ ይረሳል» አሉ እትዬ ዘሃራ። እውነት ነበር፤ የመረጃ ማስቀመጫው ኮምፒውተር የነበረው ባሕሪ ነው፣ ከእሱ ጋር የነበረው መስመርም ተቋርጧል። የሚጠብቁት ሕመምተኞች ስም ያለው በዚያ በአንድ ፕሮሰስ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር። «እንደገና ደውሉ የምንላቸው እንዴት ብለን ነው? ስልካቸው ቢዘጋስ?»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እየሠራ ሳለ እናርመዋለን፣ ኢንሻላህ።»

ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። ለእኔ፣ «ተስፋዬ፣ ላገኘኸው ሾፌር ሁሉ ባዶ መሆኑን ከራሱ አፍ ስማ። የገመትከውን አትንገረኝ» አሉኝ። እኔ እየደወልኩ ስናገር እሳቸው ይጽፋሉ። በመጀመሪያ አዳዩ የያዘውን ሁኔታ አወጡና ከአንድ ወደ ሌላ መኪና እየተሻገሩ አነበቡት። ማረሚያውን በዋናው ላይ አልሞከሩም፤ ያወጡትን ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጠው በእሱ ላይ ሞከሩት። መጀመሪያ የጻፉት ልክ አልመጣም፤ ሕመምተኛ የጫነ አንድ መኪና አብሮ ነፃ ሊወጣ ነበር። አዩት፣ አስተካከሉት፣ እንደገና ሞከሩት። ኡስታዝ ሃሺም ከኋላቸው ቆመው ጣቶቻቸውን ያፍተለትሉ ነበር።

«ማረሚያው ቢሳሳትስ?» አሉ።

«መሐል ላይ ቢሰበር አሮጌው ሁኔታ እንዳለ ይቆያል። ሳይሰበር ቢሳሳት ነው የሚያስፈራኝ፤ የምዘገየውም ለእሱ ብዬ ነው።»

ከዚያ አዳዩን ገቱት። የተገታ ፕሮሰስ አዲስ የሚመጡለትን መልእክቶች ወረፋው ላይ ያቆያቸዋል እንጂ አይጥላቸውም። መልእክቱን የላኩት ፕሮሰሶች ግን መልስ የሚጠብቁት ለአጭር ጊዜ ስለሆነ እትዬ ዘሃራ መፍጠን ነበረባቸው። በዝግታ ያዘጋጁትን በፍጥነት ፈጸሙት፤ የመኪኖቹን ሁኔታ ቀየሩ፣ የሕመምተኞቹን ግን አልነኩም። እንደገና አዩት። ለቀቁት።

ከዚያ በግድግዳው ስክሪን ላይ የባሕሪ አምቡላንሶች ተራ በተራ ጥሪ ሲይዙ አየን። ኡስታዝ ሃሺም ወለሉ ላይ ቁጭ አሉና «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እትዬ ዘሃራ ውሃ ጠይቀው ጠጡና፣ «ኸላስ፣ በቃ፤ አሁን ድልድዩ ሲዘጋ መኪናው ራሱ ነፃ ነኝ የሚልበትን እንጻፍ» አሉ። እንደዚያ ያለውን ጥገና ሁለተኛ መድገም አይወዱም ነበር። በቀጣዮቹ ቀናት አዲሱን ፕሮግራም ጽፈው፣ እያንዳንዱ ፕሮሰስ የያዘውን ከአሮጌው ቅርጽ ወደ አዲሱ እያሸጋገሩ፣ አንድም ጥሪ ሳይቋረጥ አስገቡት።

ያን ቀን ከሚጠብቁት መካከል በባሕሪ ኢንዱስትሪ አካባቢ በፍንጣሪ የቆሰለ ያሲን የሚባል በያጅ ነበር። ሰኞ ዕለት በምርኩዝ ወደ ቀብሩ መጣ። የመጣውም እሳቸው ያን ቀን የሠሩትን ከእኔ ስለሰማ ነው እንጂ እሳቸው ራሳቸው አንድም ቀን አልነገሩትም። «ጎረቤቶቼ አምቡላንስ የለም ተባልን ብለው ጋሪ ፍለጋ ወጥተው ነበር፤ ሳይመለሱ መኪናው ደረሰ» አለኝ። አስከሬናቸው ሲወርድ አፈር ካለበሱት አንዱ እሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቃላችሁ። እሳቸውም እንደ ብዙዎቻችን ከተማውን ለቀው ተንከራተቱ፤ መመለስ ሲቻልም ከቀዳሚዎቹ ጋር ተመለሱ። የተዘረፈውን ማዕከል እንደገና ሲያቆሙ ሰውነታቸው ዝሎ ነበር፤ ከእጥበት ሕክምና በተመለሱ በማግስቱ ግን ወንበራቸው ላይ እናገኛቸው ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ልጠይቃቸው ስሄድ ሰሚራ በዋና መሐንዲስነት እንድትተካቸው ለማኅበሩ እንደነገሩ አጫወቱኝ። ሰሚራ ከቅዳሜ ተማሪዎቻቸው አንዷ ናት። «ታያለች» አሉኝ፤ «ከመንካቷ በፊት ታያለች።» ከእሳቸው አፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

እትዬ ዘሃራ፣ እኔ በቤተ ክርስቲያኔ፣ ሌሎቹ ልጆችዎ በመስጊዳቸው፣ ሁላችንም በየቤታችን እንለምንልዎታለን። አላህ ይዘንልዎ፣ ጀነትን ይስጥዎ። እኔ ግን ከልመና ይልቅ ምስጋና ይቀድመኛል። በዚህ ከተማ «ሐበሻ» ተብለን ስንጠራ አንገታችንን የደፋንባቸው ብዙ ቀኖች አሉ። በጥሪ ማዕከሉ ውስጥ ግን የከበደ ነገር በመጣ ቁጥር ትልቁም ትንሹም የሚለው አንድ ቃል ነበር፦ «ሐበሻዋን ጥሯት።» እኛ እንዲያ የተባለበትን ክፍል አይተናል፤ በኩራት ነው የምንሸኝዎ። ደኅና ይረፉ።