ተስቦ ካለበት ቤት የገቡት ሴት

በደርግ ጊዜ ነው፤ ገና በወጣትነቴ ደብረ ታቦር ለመምህርነት ተመደብኩ። አገሬ ሩቅ ነበር፤ በከተማው አንድም ዘመድ አልነበረኝም። የቅርብ ጓደኛዬ አብራኝ የምታስተምር ልጅ ነበረች፤ ሳቂታ፣ የሰው ችግር ስትሰማ ዓይኗ እንባ የሚያቀርር። የትምህርት ቤቱ ታይፒስት ግን አርባን ያለፉ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሴት ነበሩ። የፈተና ወረቀቴን ሲቀበሉኝ እንኳ ቀና ብለው አያዩኝም። ሰው አይወዱም ብዬ ደምድሜ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ተስቦ ያዘኝ። ሐኪም ቤቱ ሞልቶ ስለነበር መድኃኒት ሰጥተው ወደ ቤቴ መለሱኝ። ተስቦ የገባበትን ቤት ሰው ይሸሸዋል፤ አልፈርድም። ጓደኛዬ ጠዋት ጠዋት አጥሚት አምጥታ ደጃፉ ላይ ታስቀምጥና እያለቀሰች ትመለሳለች። እኔ ደግሞ ተነስቼ ለማምጣት አቅም አልነበረኝም።

ጓደኛዬ ይህንኑ ቢሮ ውስጥ ስታወራ ታይፒስቷ ሰምተው ኖሯል፤ በሦስተኛው ቀን በሩን ከፍተው ገቡ። እንዴት ነሽ አላሉኝም። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው አጥሚቱን በማንኪያ አጠጡኝ፤ ፀጉሬን ቆረጡልኝ፤ በሽታውን የሚያስተላልፈው ቅማል እንዲሞት ልብሴንና አንሶላዬን ቀቀሉት።

«እትዬ፣ በሽታውን አይፈሩም?» አልኳቸው።

«እፈራለሁ እንጂ» አሉኝ ልብሱን በእንጨት እያገላበጡ። «ግን እኔም በሰው አገር ታምሜ፣ ማን ይመጣ ይሆን እያልኩ በሩን ሳይ ከርሜ አውቃለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲወጡ በቀጥታ እኔ ዘንድ ይመጡ ነበር። ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ በኋላ የፖለቲካ ውይይት ክበብ አለ፤ መቅረት ያስጠይቃል። እሳቸው ቀሩ። ኋላ ጓደኛዬ እንደነገረችኝ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ የክበቡ ሊቀመንበር አስነስቶ ሲጠይቃቸው፣ በሽተኛ እንዳለባቸው ብቻ ተናግረው ተቀመጡ። ይህን ጊዜ ጓደኛዬ ተነሥታ፣ «እውነታቸውን ነው፤ እኔ ምስክር ነኝ» አለች። ሊቀመንበሩም ነገሩን አላከረረውም።

በማግስቱ አጥሚቱን ይዛ እስከ አልጋዬ ድረስ ገባች። ታይፒስቷ ማንኪያውን ሰጧትና ቦታ ለቀቁላት።

ተሽሎኝ ወደ ሥራ የተመለስኩ ዕለት ሁለቱ ግራና ቀኝ ደግፈው ዳገቱን አወጡኝ። ጓደኛዬ ስታወራ፣ ታይፒስቷ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔ ደክሞኝ ስቆም ግን እሳቸውም የደከማቸው መስለው ድንጋይ ፈልገው ይቀመጣሉ፤ እንዳላፍር ብለው።