የሁለት ደቂቃ ምርቃት

የሊፍታችን በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። መጀመሪያ «ለጥገና ተዘግቷል» ይል ነበር፤ ቀጥሎ «ዕቃ እየተጠበቀ ነው»፤ በመጨረሻ «ተዘግቷል» ብቻ ሆነ። እኔ ሁለተኛ ፎቅ ስለምኖር ብዙም አልተሰማኝም። ከእኔ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እማማ ግን በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት መውረድ አለባቸው። የሚወርዱት ቆመው አይደለም። ደረጃው ላይ ቁጭ ይሉና ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ስልካቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ አንድ አንድ ደረጃ እየተንሸራተቱ ነው። የሚያመላልሳቸው የቫን ሾፌር ከአምስት ደቂቃ በላይ አይጠብቅም፤ ስለዚህ እኔ በር ጋ ሲደርሱ ይደውሉለታል። ምን እንደሚሉት ሰምቼ አላውቅም። እኔ በሬን ዘግቼ ቃላት እፈልጋለሁ።

ግጥም እጽፋለሁ፤ ያስተማረኝ ሰው የለም። እንጀራዬ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር መግፋት ነው። ቀኑን ሙሉ፣ መራመድ የሚችለውን ሳይቀር፣ ከበር እስከ በር እገፋለሁ። ከዚያ በባቡር ወደ ሰፈሬ ሬኒየር ቫሊ ተመልሼ፣ መራመድ ያቃታቸው ሴትዮ በመቀመጫቸው ሲወርዱ ግድግዳ ተደግፌ አሳልፋቸዋለሁ።

አንድ ቀን ከፖስታ ሳጥኖቹ በላይ የአማርኛ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ በስልኳ አስተርጉማ ያወጣችው ነው። «የብሎኬት ድጎማን በተመለከተ የሕዝብ መስማት» ይላል። ሳቄ መጣ። ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ላክሁት። እማማ ከእጥበት ሲመለሱ እዚያው ቆመው አነበቡት።

«ብሎኬት ሊሰጡን ነው?» አሉኝ። «በዚህ ዕድሜዬ ቤት ሥሪ ሊሉኝ ነዋ!»

ብሎኬት አለመሆኑን፣ «ብሎክ ግራንት» የሚባል የገንዘብ ድጎማ መሆኑን ያስረዳችን ሥራ አስኪያጇ ነች፤ ትግርኛ ትግርኛ በሚል አማርኛዋ፣ ቀስ ብላ። የፌዴራል መንግሥቱ በየዓመቱ ለመኖሪያ ቤትና ለሰፈር ልማት የሚሆን ገንዘብ ለከተሞች ይልካል። ከተማው ገንዘቡን በምን በምን ላይ እንደሚያውለው አስቀድሞ ዕቅድ ይጽፋል፣ ረቂቁን ለሕዝብ ያወጣል፣ ሰው አስተያየቱን እንዲሰጥ ቀን ይቆርጣል፤ «የሕዝብ መስማት» የተባለው እሱ ነው። ምክር ቤቱ ሲያጸድቀው ዕቅዱ ወደ ዋሽንግተን ይሄዳል።

«እኛ ያለነው ዋሽንግተን አይደለም እንዴ?» አሉ እማማ።

ይሄ ግዛቱ ነው፣ ያኛው ሌላው ዋሽንግተን ዋና ከተማው አልኳቸው።

«ሁለት ዋሽንግተን ይዘው አንድ ሊፍት አቃታቸው በይኛ።»

ሥራ አስኪያጇ ሳቀችና ሳቋን ቶሎ ሰበሰበችው። የሕንፃው ባለቤት ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። አዲስ ሊፍት ለማስገባት ተስፋ ያደረገው ለአሮጌ ሕንፃዎች እድሳት በሚመደበው ገንዘብ ላይ ነበር። በዘንድሮው ረቂቅ ውስጥ ያ የበጀት መስመር የለም። የሚመጣው ገንዘብ ይቀንሳል ተብሎ ስለተፈራ ሌሎች ጉዳዮች ቀድመዋል። እነሱም ቢሆኑ ቀልድ አይደሉም፤ ውጭ ለሚያድር ሰው መጠለያ ነው፣ አዲስ ቤት ነው። መስመሩ ካልተመለሰ ግን ሊፍቱ አይሠራም፤ ሊፍቱ ካልሠራ ደረጃ የማይችሉት ከሦስተኛ ፎቅ ይነሳሉ። ለእማማ የተገኘው ባዶ ቤት ቱክዊላ የሚባል ራቅ ያለ ከተማ ነው፣ ከመጋዘኖች ጀርባ። እዚህ ቤተ ክርስቲያናቸው በእግር ከሚኬድ ቦታ ነው፤ ከቅዳሴ መልስ ሴቶቹ ደረጃውን ወጥተው ይጠይቋቸዋል። ቱክዊላ ማን በእግሩ ይሄዳል?

ረቂቁን ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት። ሠንጠረዥ በሠንጠረዥ ነው። «ሰው» የሚል ቃል ብፈልግ ብዙ አላገኘሁም፤ «ተጠቃሚ» አለ፣ «አባወራ» አለ፣ «ክፍል» አለ። በጽሑፍ አስተያየት መላክ ይቻል ነበር። እኔ ግን እሳቸውን ካላዩ አይገባቸውም፣ ፊት ለፊት ይበልጣል አልኩ። እማማ ቀርበው እንዲናገሩ አስመዘገብኳቸው። ቅጹ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ነበረች፤ አስተርጓሚ ያስፈልግዎታል? ትላለች። እኔ እያለሁ አስተርጓሚ ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ባዶዋን አለፍኳት። በአስተርጓሚ ለሚናገር ሰው ጊዜው እጥፍ እንደሚሆን ከሥሯ ተጽፎ ነበር። ያነበብኩት በኋላ ነው።

እጥበት በሌለበት ጠዋት ወደ ከተማው ምክር ቤት ወረድን። ባቡር ውስጥ ባለሥልጣኖቹን ምን ብለው እንደሚጠሯቸው ጠየቁኝ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ቢገቡ ይሻላል አልኳቸው።

«ሳይመርቁ ይለመናል እንዴ?» አሉ።

ልክ ናቸው ብዬ አሰብኩ፤ ደስም አለኝ። ያሻዎትን ይበሉ፣ እኔ አለሁ አልኳቸው።

አዳራሹ ውስጥ ከእኛ በፊት የቀረቡት ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። ስማቸውን ይናገራሉ፣ የሚፈልጉትን ይናገራሉ፣ ይቀመጣሉ። ስክሪን ላይ ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ደቂቃ ነው። ተራችን ሲደርስ እማማ ተቀምጬ አላናግርም ብለው ክንዴን ይዘው ቆሙ፤ ይሄም የራሱን ጊዜ ወሰደ።

«እንደምን አደራችሁ። ልጆቻችሁ እንዴት አደሩ?» አሉ። ተረጎምኩ። ባለሥልጣኖቹ ፈገግ አሉ። «እዚህ አገር ያስገባችሁኝ፣ ደሜን የምታጥቡልኝ፣ ውለታችሁን እግዜር ይክፈላችሁ። ዕድሜ ከጤና ይስጣችሁ። ወንበራችሁን ያጽናላችሁ።»

ሰዓቱን አይቼዋለሁ። ጊዜው ሊያልቅ ሲል እንደሚሆነው ቢጫ ሆኖ ነበር። ያኔ ጆሯቸው ላይ «ሊፍቱን ይንገሯቸው» ማለት ነበረብኝ፤ ወይም እኔው ራሴ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «ወንበር» የምትለዋ ቃል ላይ ቆሜ ቀርቼ ነበር። ወንበር ማጽናትን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደምለው ጠፋኝ፤ አንድ ነገር ሞከርኩ፣ አልጣመኝም፣ ተመልሼ አስተካከልኩት። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከምክር ቤት አባላቱ አንዷ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። በሕይወቴ እንደዚያ ዝም ብሎ የሰማኝ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ምርቃቱን ትንሽ ጨመርኩበት። እሳቸው ያላሉትን አንድ ሐረግ ጨመርኩ።

«እንግዲህ የመጣሁበት ጉዳይ» ሲሉ ደወሉ ጮኸ። ሰብሳቢዋ በትሕትና አመሰገነችን። «ሊፍቱ» አልኩ በእንግሊዝኛ፤ ማይክሮፎኑ ተዘግቷል። የሚቀጥለው ሰው ወረቀቱን ይዞ ከኋላችን ቆሟል። የጽሑፍ አስተያየት መቀበያው ጊዜ ደግሞ ከዚያ ቀን በፊት አብቅቷል።

ስንመለስ እማማ ፊታቸው በርቶ ነበር። «ያቺ ሴትዮ ልቧን ያዘች እኮ፣ አየሻት?» ይሉኛል። አየኋት አልኩ። የምንወርድበት ኮሎምቢያ ሲቲ ጣቢያ እስክንደርስ በመስኮት አየሁ።

ዕቅዱ ከሳምንታት በኋላ ጸደቀ። መስመሩ አልተመለሰም። ሊፍቱን ብንናገር ይመለስ ነበር? አላውቅም። ማወቅ የማልችል መሆኔ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ከሰነዱ መጨረሻ የሕዝብ አስተያየቶችና የተሰጡት ምላሾች ተዘርዝረዋል። የእኛንም አገኘሁት፤ «አንዲት ነዋሪ ለከተማው ምስጋናቸውን ገልጸዋል።» አጠገቡ ምላሽ አለ፤ «ከተማው ለአስተያየቱ ያመሰግናል።»

እማማ ምን ይላል አሉኝ። ይመሰገናሉ ይላል አልኳቸው።

«ስለ ሊፍቱስ?»

«ሊፍቱን አልነገርናቸውም፣ እማማ።»

ነጠላቸውን ከትከሻቸው አንስተው ጉልበታቸው ላይ አጠፉት፤ ፈቱት፣ እንደገና አጠፉት።

«የነገርሻቸው መስሎኝ» አሉ። «ያን ሁሉ ስታወሪ ምን ስትያቸው ነበር ታዲያ?»

«ምርቃትዎን።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ሌላ መልስ ፈልጌያለሁ። ደብተሬ ላይም ምንም አልጻፍኩም፤ የጀመርኩት ሁሉ ያንን የአዳራሽ ጸጥታ ፍለጋ ይመስለኛል፤ ቀድጄ እጥለዋለሁ።

የሄዱት የእጥበት ቀን ነው። ዕቃቸውን ሥራ አስኪያጇና ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጠዋት አውጥተውታል። እሳቸው ከእጥበቱ በቀጥታ ወደ ቱክዊላ ነው የሚወሰዱት። ፈረቃዬን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ወጣሁና፣ እንዳይወድቁ ከፊታቸው አንድ ደረጃ ዝቅ ብዬ ወደ ኋላዬ እየወረድኩ አወረድኳቸው። በሬ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉና ስልካቸውን ከደረታቸው አወጡ።

«ሄሎ» አሉ። «ኤሌቬተር ብሮክን። ሰርድ ፍሎር። ኦልድ ሌዲ። ፕሊስ ዌይት።»

ስልኩን ዘጉት። ከሄሎው ሌላ ስምንት ቃል ነው። ከታች የቫኑ ሞተር ሲጠፋ ተሰማኝ፤ ሾፌሩ ሊጠብቅ ነው።

«እማማ፣ ይሄንን እዚያ አዳራሽ ለምን አላሉትም?»

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አኖሩና ወደሚቀጥለው ደረጃ ተንሸራተቱ።

«አንቺ ታሳምሪልኛለሽ ብዬ ነዋ» አሉ።