ሁለት በሬና አንድ ምንሽር

በዚያ ዘመን ሬዲዮ የምንሰማው ገልብጠን ነበር። ማንም አላስተማረንም፤ ዓመታቱ ራሳቸው አስተማሩን። ጠላት ተደመሰሰ የተባለበት ከተማ ብዙም ሳይቆይ በዚያው ጠላት እጅ መግባቱን ከአውቶቡስ የሚወርዱ ሰዎች በሹክሹክታ ይነግሩናል። ሠራዊቱ ለስልት ሲል ቦታ ለወጠ ከተባለ፣ ሸሸ ማለት ነው። የሸቀጥ እጥረት የለም ከተባለ እናቴ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ጨው ልትገዛ ትወጣለች። እኔ አምቦ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። ዜና ሲነበብ በመምህራን ክፍል ቁጭ ብለን አንዳችን የሌላችንን ፊት እያየን በልባችን እንተረጉማለን። ጮክ ብሎ መተርጎም ያሳስር ነበር።

ጉደር ያለው አባቴ ግን ከመምህራን ሁሉ የበለጠ ተርጓሚ ነበር። ሬዲዮኑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ይሰማል። ሲያበቃ ይዘጋውና «በሉ ውሸቱን ሰምተናል፤ አሁን እውነቱን እናስብ» ይለናል። ብዙ ጊዜም ልክ ይሆን ነበር። ልክ በመሆኑ ይኮራ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔም እኮራበት ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ትምህርት ቤታችን ተዘጋ። ወለጋ ተይዟል፤ ሠራዊቱ ወደ እኛ እየተገፋ ነው። ልብሴን በፌስታል ቋጥሬ በእግሬ ወደ ጉደር ሄድኩ። ቤታችን ከከተማው ጫፍ፣ ዋናው መንገድ ዳር ነው፤ ከጓሮው ወደ ወንዙ የሚወርደው እርሻ የእኛ ነው። እቤት ስደርስ የሚወራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ጠመንጃ ነው። እየሸሸ የሚመጣው ወታደር ያገኘውን ይዘርፋል፣ ቤት ያቃጥላል፣ ሴት ይደፍራል ይባል ነበር። በዓይኑ ያየ ሰው አላገኘሁም። ያልሰማ ግን አልነበረም።

ገበያ ውስጥ ጨው የሚሸጥ አንድ ሰው ነበር። ጨዉ ለዓይን ነው፤ ንግዱ ከጆንያው ሥር ነው። ጥይት ከፈለግህ እሱ ጋ፣ ጠመንጃ ከፈለግህም እሱ ጋ ነው የምትሄደው። በደህናው ጊዜ ቀና ብሎ ሰው የማያይ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ በዚያ ሰሞን ግን ሰላምታውም ረዘመ። ደንበኛ ሲመጣ «አካም፣ ኦቦ፣ ቤተሰብ ደህና?» ይልና ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አዲስ ወሬ ያወርዳል። ወሬው በከፋ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ዋጋው በወጣ ቁጥር ደግሞ ሰዉ «ያለ ነገርማ እንዲህ አይወደድም» እያለ ወሬውን ያምናል። አስተማሪ ነኝና ይህን ነገር ቁጭ ብዬ ሳስበው ጭንቅላቴ ይዞርብኝ ነበር። ወሬና ዋጋ ተደጋግፈው ሲወጡ እያየሁ እኔም እፈራ ነበር፤ ማወቄ ከመፍራት አላዳነኝም።

አባቴ ግን አልገዛም ብሎ ቆየ። የአባቱ ጠመንጃ ነበረው፤ መሬት ላራሹ በታወጀ ጊዜ ገበሬ ማኅበሩ ሰብስቦ ወስዶበታል። ያኔ መሬቱን ስላገኘ በጠመንጃው አላዘነም። «መሬትና በሬ ካለኝ ምን ጎደለኝ» ይል ነበር። በሬዎቹም በሬዎች ነበሩ። አንዱ ዳለቻ ነው፣ አንዱ ጥቁር። ከጥጃነታቸው ጀምሮ አብረው ያደጉ ስለሆኑ አንዱ ሲተኛ ሌላው ቆሞ አያድርም።

ልቡን የሰበረው ሬዲዮ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስለ እኛ አካባቢ ተነገረ። በምዕራብ ሸዋ ሰላም ነው፣ ሕዝቡን የሚያሰጋ ምንም ነገር የለም፣ ገበሬውም ተረጋግቶ እርሻውን እያረሰ ነው አለ። አባቴ ሬዲዮኑን ዘጋው። የወትሮውን ቀልድ አልተናገረም። ስለ ወለጋም እንዲሁ ሰላም ነው ተብሎ በሰሞኑ ነበር የተያዘው። እኔንና እናቴን ተራ በተራ አየንና «አለቀልን» አለ።

በነጋታው የገበያ ቀን ነበር። በሬዎቹን ከበረት አወጣቸው። እናቴ እንደ ሌላ ሴት የምትጮህ አይደለችም፤ ስትናደድ ድምጿ ይቀንሳል። ሊዘንብ ነው፣ መሬቱ ገና አንዴ እንኳን አልተገለበጠም፣ ያለ በሬ ምን ልንበላ ነው ብላ ጠየቀችው። እሱም የማትኖር ሴት ምን ትበላለች አላት። በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ «እቺን ልጅ በዱላ ነው የማድናት?» አለ። በዚህ ጊዜ እናቴ መንገዱን ለቀቀችለት። እኔም ምን ልበል? ለእኔ ሲል ነው የሚሸጣቸው። ዳለቻው በሩ ላይ ቆሞ ዞር ብሎ አየን፤ ጥቁሩ ሲሄድ ተከትሎት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ አባቴ አንድ ነገር በጋቢው ጠቅልሎ ተመለሰ። ዕድሜው ከእሱ የሚበልጥ፣ ሰደፉ በእጅ ብዛት የለሰለሰ ምንሽር ነበር። ጥይቱ ደግሞ አንድ ጭብጥ አይሞላም። ለሁለት በሬ ይህ ብቻ ነው ወይ አላልነውም። አባቴ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በር ላይ ተቀመጠ፤ ጀርባው ቀጥ አለ፣ አንገቱ ረዘመ። እናቴም ሳትቀር በዚያ ቀን ትንሽ እፎይ ብላለች። እኔም ብሆን ያን ቀን እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከወንዙ ማዶ መድፍ ሲያጓራ ሰነበተ። ከዚያ አንድ ጠዋት ፀጥ አለ። ከመድፉ ይልቅ ፀጥታው አስፈራን። አባቴ ጥይት አጎረሰ፤ እኔንና እናቴን ወደ ጓዳ አስገባን። እኔ በግድግዳው ስንጥቅ መንገዱን አያለሁ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን በሕይወቴ ሁለተኛ አላየሁም። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በሰው ተሞልቶ መጣ። መኪና የለ፣ ጩኸት የለ፣ ትእዛዝ የሚሰጥ የለ። የሚሰማው የእግር ድምፅ ብቻ ነበር፤ ያም የጫማ ሳይሆን የባዶ እግር። በአፍሪካ ትልቁ የሚባለው ሠራዊት፣ በየሰልፉ መሬት ሲያንቀጠቅጥ ያየነው፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ቁስሉን በጨርቅ አስሮ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያይ በደጃችን ያልፋል። አለቃና ተራው አይለይም። የማዕረግ ምልክታቸውን የቀደዱ ነበሩ፤ ክሩ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ማብቂያም አልነበረውም። ሲያልቅ አያምር ይባላል፤ እኔን ግን ከአለማማሩ ይልቅ ግዝፈቱ አፌን አስያዘኝ። ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ሲሸነፍ ማየት፣ ተራራ ከቦታው ሲነሳ የማየት ያህል ነበር።

የሚዘርፍ አላየንም። የሚለምን ነበር። ውሃ ይለምናሉ፣ ቂጣ ይለምናሉ፣ ከሁሉ በላይ የሚለምኑት ግን የሲቪል ልብስ ነው። መለዮ ለብሶ መያዝ ሞት መሰላቸው። መንገድ ማዶ ያለች ጠላ ሻጭ ጎረቤታችን ፈራ ተባ እያለች የባሏን አሮጌ ሸሚዝ ስታወጣ፣ አንዱ ሸሚዙን ነጥቆ ክላሹን በእጇ አስታቅፏት ሄደ። ሴትየዋ ክላሹን እንደያዘች ደጃፏ ላይ ደርቃ ቀረች። ከዚያ በኋላማ ሰዉ ሁሉ ወጣ። ክላሽ በጋቢ፣ ክላሽ በጎማ ጫማ፣ ክላሽ በአንድ ሳህን ቆሎ ሆነ። ቀትር ሳይደርስ ሴቶች እንደ ማገዶ በጀርባቸው ተሸክመው ሲያልፉ አየሁ። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ፣ ብዙው መሣሪያ የሚቀበለው እንኳን አጥቶ ቦይ ውስጥ ተጥሏል።

አባቴ ምንሽሩን እንደያዘ በሩ ላይ ነው። ከጓዳ ወጥቼ አጠገቡ ስቆም አልተቆጣኝም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚቆጥር ወይም የሚጸልይ ይመስላል። ያን ጊዜ አንድ ወታደር ከመንገዱ ወጥቶ ወደ እኛ መጣ። ከእኔ የማይበልጥ፣ ጉንጩ የጎደጎደ፣ አንድ እግሩን የሚጎትት ልጅ ነው። የአባቴን አፈሙዝ አየው፤ አልደነገጠም፤ ለመደንገጥም አቅም ያለው አይመስልም። ክላሹን ከትከሻው አውርዶ አባቴ እግር ሥር አስቀመጠው።

«አባቴ፣ ሱሪና ሸሚዝ ካለዎት ይስጡኝ። ይሄን ይውሰዱ» አለ።

አባቴ መሬት ላይ ያለውን ክላሽ አየ፤ ጉልበቱ ላይ ያለውን ምንሽር አየ። የሳቀ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ግን አልነበረም።

«ልጄ፣ ጠመንጃማ አለኝ» አለው። «የሌለኝ በሬ ነው።»

ወታደሩ ምንም አልገባውም። እናቴ ግን ከኋላችን ወጥታ የልጁን እግር አየች። ቁርጭምጭሚቱ እስኪጠፋ አብጧል። እኔንም አባቴንም ገፍታ «ኮቱ፣ ታኢ» አለችው። ልጁ ኦሮምኛ አይሰማም፤ ወንበሩን ስታቀርብለት ግን ና፣ ተቀመጥ ማለቷ እንደሆነ ገባው። ውሃ አሙቃ እግሩን ስታጥብለት፣ አባቴ ምንሽሩን የት እንደሚያስቀምጥ ጠፍቶት ቤት ውስጥ ይዞር ነበር። የፈሩት ይደርሳል ይባላል። የፈራነው ደረሰ፤ በእናቴ ሳፋ ውስጥ እግሩን ነክሮ ቁጭ ብሎ እያንቀላፋ ነው።

ከጎጃም የመጣ የገበሬ ልጅ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ከገበያ መሀል ነው የያዙት። እግሩ እስኪሻለው ይቆይ ተባለና የአባቴን ሱሪና ሸሚዝ ለብሶ ቀረ። በሚቀጥለው ገበያ አባቴ ምንሽሩን ይዞ ጨው ሻጩ ዘንድ ሄደ፤ በሬውን ባይሆን ጥጃ እንኳን ባገኝበት ብሎ ነው። ጨው ሻጩ ጨው እየሸጠ ነበር፤ የእውነት ጨው። ምንሽሩን በእጁም አልነካውም። አሁን ጠመንጃ የሚፈልግ ሰው ጎንበስ ይበል፣ መሬት ላይ ሞልቶለታል አለው። በሬዎቹን የገዛው ሰው ደግሞ ከእነሱ ጋር ወደ እንጭኒ በኩል ሄዷል። አባቴ ሲመለስ እራት አልበላም።

ዝናቡ መጣ። በሬ የሌለው ሰው በዶማ ይቆፍራል፤ በእኛ አገር ይህ የድህነት ሁሉ መጨረሻ ነው፤ አላፊ አግዳሚ ያየዋል። አባቴ አንድ ቀን ዶማ ይዞ ወጥቶ መንገዱን አይቶ ተመለሰ። በማግስቱ ስንነሳ ወታደሩ ከእርሻው መሀል ነው። እያነከሰ ይቆፍራል። ማንም አላዘዘውም። መሬት ያልተገለበጠበት ቤት ውስጥ እንጀራ ሲበላ አፍሮ እንደሆነ ለእናቴ በኋላ ነገራት። አባቴ ጥቂት ቆሞ አየውና ከጎኑ ገብቶ መቆፈር ጀመረ። እናቴም ወጣች፣ እኔም ወጣሁ፤ የአስተማሪ እጄ ውሃ ቋጠረ። አላፊ አግዳሚው አየን። ሁለቱ ወንዶች ጎን ለጎን፣ አንዱ ሲያርፍ ሌላው እያረፈ፣ እስከ ወንዙ ድረስ ወረዱ። እኔም ያለ በሬ ያ ሁሉ መሬት በሰው ክንድ ሲገለበጥ እያየሁ እደነቅ ነበር። በቆሎውና ድንቹ መሬት ገባ። ክረምቱን የምንወጣበት አገኘን።

አዲሶቹ ታጋዮች መሣሪያ ያለው ያስረክብ ባሉ ጊዜ አባቴ ክላሹን በአንድ ትከሻው፣ ምንሽሩን በሌላው አንግቶ ሄደ፤ አብሬው ሄድኩ። መሣሪያ በሚሰበሰብበት ግቢ ውስጥ የተከመረው ጠመንጃ ከቤት ጣራ ይበልጥ ነበር። አባቴ ሁለቱንም ከክምሩ ላይ ጣላቸው። ምንሽሩ ተንሸራትቶ ከክላሾቹ መሀል ገባ፤ ወዲያው የትኛው እንደነበር መለየት አቃተኝ። ደረሰኝ የጠየቀም የሰጠም የለም።

መስከረም ሳይጠባ ልጁ ወደ አገሩ ሊሄድ ተነሳ። እናቴ ስንቅ ቋጠረችለት። አባቴ ድልድዩ ድረስ ልሸኘው ብሎ አብሮት ሄደ። ሲሰናበቱ ልጁ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሊስም ሲል፣ አባቴ ቀና አድርጎ ትከሻውን ስሞ ሰደደው አሉ። እኔ አላየሁም። ያየሁት ሲመለስ ነው። በር ላይ፣ ምንሽሩን ይዞ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ተቀመጠ፤ በቆሎው እስከ ወንዙ ድረስ ቆሟል። እናቴ ልጁ በሰላም ሄደ ወይ ብላ ጠየቀችው።

ራሱን በአዎንታ ነቅንቆ ወደ በቆሎው ዞረ።

«በሬዎቼን የሸጥኩት» አለ በኋላ፣ «ይህን ልጅ ልገድልበት ነበር።»