ሆዷ ገለባ የሆነ ጥጃ

አሻንጉሊት የሚለውን ቃል ለመማር አንዲት ጥጃ ከፍያለሁ።

በቀደም ሚዛን ከተማ ባለው ሱቄ ውስጥ፣ አንዲት ሕፃን የሸጥኩላትን አሻንጉሊት ድብ ስፌቱን ፈታ አመጣችልኝ። ሆዱ ውስጥ ያለውን ለማየት ብላ ነው። ጥጡን መልሼ ስጠቀጥቅ ልጅ ሳለሁ ያደግኩበት፣ ሸዋ ቤንች ያለው የአጎቴ ግቢ ታወሰኝ።

አጎቴ ሟች አባቴ የተወልንን ላም፣ ቡሬን፣ ጥርግ አድርጎ እያለበ ወተቱን ለሆቴል ይሸጥ ነበር። ጥጃዋ ሎሚ በረሃብ ሞተች። ሎሚ ያንተ ናት ተብዬ ነበር። ልጇን ስታጣ ቡሬ አልታለብም አለች። አጎቴ የሎሚን ቆዳ ገፈፈና የበቆሎ ገለባ ጠቅጥቆ በጆንያ መስፊያ ሰፋው። ላዩን ጨው አሸው፤ እኔን አሳቅፎ ከላሟ አፍንጫ ሥር አቆመኝ።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"አሻንጉሊት ነዋ! ሞቶ ሳለ ያለ የሚመስል ነገር ማለት ነው።"

"ቡሬ አታውቅም?"

"አንተ ዝም ካልክ ማን ይነግራታል? እንባህንም እዚያው ጥረግበት፣ ጨው ነው።"

ቡሬ ላሰችው፤ ወተቷንም ለቀቀች። እንዲህ ስትልሰው ሰንብታ አንድ ጠዋት ስፌቱ ተተረተረና ገለባው ብቅ አለ። አሸተተችው፤ ከዚያ ከልጇ ሆድ እየሳበች ታኝክ ጀመር። ወተቱ ግን አልቆመም። አጎቴ ከሥር እያለበ ሳቀ።

"አየህ? መኖዋም ከዚያው ወጣ።"

የሕፃኗን ድብ ሰፍቼ ሰጠኋት።

"ዳነ?" አለችኝ።

"ድኗል።"

ሎሚ ሞተች፤ ወተቱ ተሸጠ፤ ለእኔ የደረሰኝ ቃሉ ነው።