ያላደረስሁት ቁራሽ

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርሁም፤ በስንቱ ዐቢይ ጾም ከፊታቸው ተንበርክኬ፣ ቂሙንም ሐሜቱንም ዘርዝሬ፣ ይችን ብቻ ውጬ ተነስቻለሁ። ዛሬ ግን ፈራሁ። እናንተ ስለማታውቁኝ ለእናንተ ልናገር።

ዘመኑ መሬት በተደለደለ ሰሞን ነው። አገራችን ከቡሬ ዝቅ ብሎ ወደ ብር ወንዝ የሚወርደው ቆላ ነው። ያን ዓመት ጥቅምት ላይ ትኩሳት ገባ፤ እኛ ተስቦ አልነው። የሰባት ዓመት ልጄ ውድነሽ ስትወድቅ የሰንበቴ ወንድሞቼ በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ አወጡልኝ፤ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ገባች። ቃሬዛው ላይ የተነጠፈው ጋቢ የጎረቤቴ የየሻረግ ነበር። የሻረግ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጇ ለቀን ሥራ መተከል የወረደባት ሴት ነበረች። ሌላ ጋቢ አልነበራትም።

ልጄ ዳነች። እኔም የተሳልሁትን ላደርስ፣ ተራዬ ሳይሆን እሑድ ዳቦና ጠላ ይዤ ማርያም ሰንበቴ ቤት ገባሁ። ቄሱ ባረኩ፣ ተመስገን ተባለ። እኔም ተመስገን አልሁ፤ ከልቤ ነበር። የሻረግ ግን አልመጣችም፤ ታማለች ተባለ። በእኛ ደንብ ለታመመ አባል ከተባረከው ዳቦ ቁራሹ እቤቱ ድረስ ይወሰድለታል። ወሳጁም የሕመምተኛውን ሁኔታ አይቶ ይናገራል፤ ከባሰበት ቃሬዛ ይነሳል። ሙሴ የምንላቸው የሰንበቴው አለቃ ቁራሹን ለእኔ ሰጡኝ።

“አንተ አድርስላት፤ ጋቢዋን ለልጅህ ያነጠፈች ናት” አሉ።

ሄድሁ። አጥሯ ጋ ስደርስ ቆምሁ። ኮቴዬን ሰምታ ኖሮ ከውስጥ ተጣራች።

“ማነህ? ውሃ አቀብለኝ፣ በማርያም።”

በሽታውን በልብሴ ይዤ ልጄ ዘንድ ብገባስ አልሁ በልቤ። ለልጄ ፈራሁ ማለት እንዴት ይቀላል! ለራሴስ አልፈራሁም? ፈርቻለሁ። ኮቴዬን አጥፍቼ ተመለስሁ። እኔ ነኝ የተመለስሁት፤ ሰይጣን ጎተተኝ አልልም።

ቁራሹስ? የተባረከ ነውና መጣሉን ፈራሁ። ከመንገዱ በታች ገደል ሥር ቁጭ ብዬ በላሁት። እዩልኝ፣ ሰው ጥዬ ስመጣ ያልደነገጥሁት ሰውዬ ፍርፋሪ መሬት እንዳይወድቅ ከመዳፌ እለቅም ነበር።

ሰንበቴ ቤት ተመልሼ፣ “ተቀብላለች፤ ቀለል ብሏታል። እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ ብላለች” አልሁ። ሁሉም በአንድ አፍ ተመስገን አለ። መቀነቷን አጥብቃ ልትሄድላት ተነስታ የነበረች አንዲት ሴት ተመልሳ ተቀመጠች። ያችን ሴት ያስቀመጥኋት እኔ ነኝ።

አጨዳ ደርሶ ነበርና ቀለል ብሏታል የተባለችን ሴት እስከ ረቡዕ ያያት የለም። ረቡዕ፣ ከቤቷ ጭስ አለመውጣቱን ያዩ ሰዎች ገቡ። ሞታ አገኟት። ባዶ እንስራዋ አጠገቧ ተጋድሞ ነበር።

በቀብሯ ዕለት ሙሴው፣ “የማርያምን ቁራሽ ቀምሳ ነው የሄደችው፤ ዋጋው ያንተ ነው” ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው በታመመ ቁጥር የሚላከው እኔ ሆንሁ፤ እጁ ቡሩክ ነው ይሉኛል። ሁሉንም አድርሻለሁ። ግን አጥር በተሻገርሁ ቁጥር ያ ድምፅ ይቀድመኝ ነበር።

ኋላ የጤና ሠራተኞች መጥተው ትኩሳቱ ወባ መሆኑን፣ የሚያስተላልፈውም ትንኝ እንጂ የሰው ልብስ አለመሆኑን ነገሩን። ታዲያ አላወቅሁም ነበር ልበል? ውሃ መጠማቷን አውቄ ነበር።

አሁን እኔ አርጅቼ ተኝቻለሁ። ሚስቴ ሞታለች፣ ውድነሽም ባሏ አገር ናት። ዛሬ እሑድ ነው፤ ቅዳሴው ወጥቷል፣ ሰንበቴው ቁራሼን ለአንድ ሰው ሰጥቶ ልኮታል። ኮቴ ሰማሁ። አጥሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ውሃ ጠምቶኛል። ማነህ ብዬ እንዳልጣራ፣ በየትኛው አፌ?